ፕሮቲየስ ላይ በትክክል የሚቆጥር ካውንተር ብሬድቦርድ ላይ ለምን ይዘላል?

ፕሮቲየስ ሰርኪዩትን ኮምፒውተር ላይ የሚሞክሩበት ሶፍትዌር ነው፤ ብሬድቦርድ ደግሞ አይሲና ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ። ጥያቄው ይሄ ነው፦ «የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ከ00 እስከ 59 የሚቆጥር ካውንተር በሁለት 74ኤልኤስ90 ቆጣሪ አይሲ፣ ቁጥሩን ለማሳያው በሚተረጉሙ ሁለት 74ኤልኤስ47 እና በሁለት ኮመን አኖድ ሰቨን ሴግመንት ማሳያ ሠራሁ። ፕሮቲየስ ላይ ምንም እንከን የለውም። ብሬድቦርድ ላይ ግን በተኑን አንዴ ስጫን አንዳንዴ 2፣ አንዳንዴ 4 ይዘላል። እጄን ወደ ሽቦዎቹ ሳስጠጋ በራሱ ይቆጥራል። የአስሮቹ ቤት ደግሞ አንዳንዴ 9 ላይ ተገትሮ ይቀራል። በተኑ ከ5 ቮልት ወደ ክሎክ፣ ማለትም የሚቆጠረው ምልክት ወደሚገባበት ፒን፣ ይገባል፣ ክሎኩ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ታስሯል። ኃይል የማገኘው ከስልክ ቻርጀር ነው። ሦስት አይሲ ቀይሬ ለውጥ የለም። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን? ዲዛይኑ ትክክል መሆኑንስ እንዴት ላረጋግጥ?»

አይሲ መግዛቱን አቁም። የዘረዘርካቸው ምልክቶች የተበላሸ አይሲ ምልክቶች አይደሉም። የተቃጠለ አይሲ ብዙውን ጊዜ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሚሳሳተው፤ አንዱ አውትፑት 0 ወይም 1 ላይ ይቀራል፣ ወይም አይሲው ይግላል። ያንተ ግን አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይስታል፣ እጅ ሲቀርበው ደግሞ ጠባዩን ይቀይራል። እንዲህ የሚያደርገው ኢንፑቱ 0 ይሁን 1 ያልለየለት ሰርኪዩት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ፕሮቲየስ ያረጋገጠልህ ሎጂኩን ብቻ ነው። የትኛው ፒን ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ ከ9 በኋላ 0 እንደሚመጣ፣ 60 ሲደርስ ወደ 00 እንደሚመለስ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አትናቀው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ ያለው በተን አይንቀጠቀጥም። ሽቦው ርዝመት የለውም። ኃይሉ ምንጊዜም ልክ 5 ቮልት ነው። ጃምፐሩ፣ ማለትም ማገናኛ ሽቦው፣ አይላላም። «ሲሙሌሽኑ ከሠራ ሰርኪዩቱ መሥራት አለበት» የሚለው ሐሳብ ነው ሦስት አይሲ ያስገዛህ። ሎጂኩ ትክክል ከሆነ ጥፋቱን መፈለግ ያለብህ ሎጂኩ ውስጥ ሳይሆን በቮልቴጅ፣ በጊዜና በግንኙነት ውስጥ ነው።

ዋናው ጥፋት ያ 10 ኪሎ ኦም ነው። በርግጠኝነት የምናገረውም በጥያቄህ ውስጥ ራስህ ስለጻፍከው ነው። ወደ ግራውንድ የሚታሰር 10 ኪሎ ኦም ለአርዱይኖ በተዘጋጁ ብዙ ማብራሪያዎች ውስጥ ታገኘዋለህ፤ እዚያ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም የአርዱይኖ ኢንፑት ሲሞስ በሚባለው አሠራር የተሠራ ስለሆነ ከረንት አይፈልግም ማለት ይቻላል። ኤልኤስ ግን ቲቲኤል የሚባል ሌላ አሠራር ነው። የቲቲኤል ኢንፑት 0 እንዲሆን ከፈለግህ ከውስጡ የሚወጣውን ከረንት ወደ ግራውንድ መሳብ አለብህ። ለተራ የኤልኤስ ኢንፑት ይሄ ከረንት እስከ 0.4 ሚሊአምፔር ነው። የ74ኤልኤስ90 ዋና ክሎክ፣ ማለትም 14ኛው ፒን፣ ከዚያም ይብሳል፤ ዳታሺቱ፣ ማለትም የአምራቹ መግለጫ፣ እስከ 2.4 ሚሊአምፔር ይላል። በ10 ኪሎ ኦም ውስጥ 2.4 ሚሊአምፔር ይለፍ ብትል ሒሳቡ 24 ቮልት ይሰጥሃል። 5 ቮልት ብቻ ባለበት ሰርኪዩት ይህ አይሆንም። ሬዚስተሩ ኢንፑቱን ወደ ታች ለማውረድ አቅም የለውም ማለት ነው።

እና ምን ይሆናል? በተኑን ስትለቅ 14ኛው ፒን ወደ 0 አይወርድም። 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለኤልኤስ ከ0.8 ቮልት በታች 0 ነው፣ ከ2 ቮልት በላይ 1 ነው፣ በመሃል ያለው ምንም ዋስትና የሌለው ቦታ ነው። አንተ ደግሞ ክሎኩን ያስቀመጥከው እዚያ መሃል ነው። 74ኤልኤስ90 የሚቆጥረው ክሎኩ ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ነው፤ መሃል ላይ ለተንጠለጠለ ክሎክ ትንሽ ረብሻ እንኳ እንደ አንድ ቁጥር ይቆጠራል። ሰውነትህ ከግድግዳው 220 ቮልት የሚያነሳው የ50 ኸርዝ ሞገድ አለ፤ እጅህን ስታስጠጋ ያ ሞገድ ወደ ሽቦው ይገባና ካውንተሩን ይነዳዋል። ቁጥሩ ዓይንህ ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ከሮጠ፣ ምክንያቱ ይሄው መሆኑን ልትጠራጠር አይገባም።

ለማረጋገጥ መልቲሜትር ይበቃሃል። ጥቁሩን ግራውንድ ላይ፣ ቀዩን በቀጥታ 14ኛው ፒን ላይ አድርገህ በተኑን ሳትጫን ለካ። ከ0.8 ቮልት በላይ ካነበብክ ጥፋቱን አገኘኸው።

መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ሬዚስተሩ ወደ 5 ቮልት ይሳብ፣ በተኑ ወደ ግራውንድ ይዝጋ። ቲቲኤል ወደ ላይ ለመሳብ ብዙ አያስቸግርም፣ ወደ ታች የሚያወርደው ደግሞ በተኑ ራሱ ይሆናል። ወደ ግራውንድ የሚስበውን ሬዚስተር ማሳነስም ይቻላል የሚል ሰው ሊገጥምህ ይችላል። እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ፒን ከ330 ኦም ማነስ አለበት፤ በተኑን በተጫንክ ቁጥር ከ15 ሚሊአምፔር በላይ በከንቱ ታቃጥላለህ። አልመክርህም።

ይህን ስታስተካክል በእጅህ መቆጠሩ ይቆማል። መዝለሉ ግን አይቆምም፣ ምክንያቱም እሱ ሌላ ጥፋት ነው። በተን ስትጫን ሁለት ብረቶች ናቸው የሚጋጩት፤ ተጋጭተው ይነጥራሉ፣ እንደገና ይነካካሉ፣ ለጥቂት ሚሊሰከንድ እንዲህ እየዘለሉ ነው የሚረጉት። ላንተ አንድ ጊዜ ነው የተጫንከው። ለ74ኤልኤስ90፣ በሰከንድ ከ30 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መቁጠር ለሚችል አይሲ፣ እያንዳንዷ ንጥረት ራሷን የቻለች ክሎክ ናት። 2 ወይም 4 መዝለሉ ስሕተት አይደለም፤ የተሰጠውን በትክክል ቆጥሯል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት አለ። ካፓሲተር በተኑ ላይ ይሰኩና በቀጥታ ወደ ክሎኩ ያስገባሉ። ይህ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ካፓሲተሩ ቮልቴጁን ቀስ አድርጎ ስለሚያንቀሳቅሰው፣ ያ ከ0.8 እስከ 2 ቮልት ያለው አደገኛ መሃል በሚሊሰከንዶች ነው የሚታለፈው። ክሎክ ግን በናኖሰከንዶች መታለፍን ይፈልጋል። ስለዚህ በካፓሲተሩና በክሎኩ መካከል ሽሚት ትሪገር፣ ማለትም በዝግታ የሚቀየርን ቮልቴጅ ወደ ጥርት ያለ 0 ወይም 1 የሚለውጥ ኢንፑት፣ ያስፈልጋል። 74ኤችሲ14 ግዛ፤ በውስጡ ያሉት ሽሚት ትሪገር ያላቸው ኢንቨርተሮች ናቸው፣ ማለትም 0ን 1፣ 1ን 0 አድርገው ያወጣሉ። ከ5 ቮልት በ10 ኪሎ ኦም ወደ አንድ ነጥብ ና፤ ከዚያ ነጥብ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ፣ በተኑም በ1 ኪሎ ኦም በኩል ወደ ግራውንድ። ነጥቡ ወደ 74ኤችሲ14 ኢንፑት ይገባል፣ አውትፑቱ ወደ 14ኛው ፒን። 10 ኪሎ ኦም እዚህ ጋ የሚሠራው ኢንፑቱ ሲሞስ ስለሆነ ነው፣ ከላይ ካልኩት ጋር አይጋጭም። አንድ ኢንቨርተር ብቻ ከተጠቀምክ ቁጥሩ የሚጨምረው በተኑን ስትለቅ ነው። ስትጫን እንዲጨምር ከፈለግህ ሁለተኛ ኢንቨርተር አስከትል፣ በአይሲው ውስጥ ስድስት አሉልህ። ያልተጠቀምክባቸውን የ74ኤችሲ14 ኢንፑቶች ግን ሁሉንም ግራውንድ ላይ እሰራቸው። የሲሞስ ኢንፑት አየር ላይ አይቀርም።

አሁን ወደ 9ኙ እንምጣ። 74ኤልኤስ90 ሁለት ዓይነት ሪሴት አለው። 2ኛውና 3ኛው ፒን ሁለቱም 1 ሲሆኑ ወደ 0 ይመልሱታል። 6ኛውና 7ኛው ሁለቱም 1 ሲሆኑ ደግሞ 9 ላይ ያስቀምጡታል፣ እሱም ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። የቲቲኤል ኢንፑት አየር ላይ ከቀረ ራሱን እንደ 1 ነው የሚቆጥረው። እነዚህን ሁለት ፒኖች ጨርሶ ባታስራቸው ኖሮ ካውንተሩ ከ9 ንቅንቅ አይልም ነበር። ያንተ «አንዳንዴ» መሆኑ የሚነግረኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ጃምፐር ወደ ግራውንድ እንዳሰርካቸውና ያ ጃምፐር በደንብ እንዳልያዘ ነው። ሌላም ዕድል አለ። በአንዳንድ ረጃጅም ብሬድቦርዶች ላይ የኃይልና የግራውንድ መስመሩ መሃል ላይ የተቋረጠ ነው። ግማሹ ግራውንድ፣ ግማሹ ምንም ያልሆነ ብረት ይሆናል። መልቲሜትሩን ድምፅ ወደሚሰጠው ቦታ አዙረህ፣ ኃይሉን አጥፍተህ፣ ከቻርጀሩ ግራውንድ እስከ 6ኛውና 7ኛው ፒን ድረስ ፈትሽ። ብሬድቦርዱ ቀዳዳ ላይ ሳይሆን የአይሲው እግር ራሱ ላይ ነው የምትነካው። እግሩ ታጥፎ ከአይሲው ሥር የተቀረቀረ ፒን ከላይ ሲያዩት የተሰካ ይመስላል።

ኃይሉን ስታበራ ብቻ የአስሮቹ ቤት 8 ወይም 9 ካሳየህና ቆጥሮ ቆጥሮ ከተስተካከለ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በካውንተሩ ውስጥ እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው ፍሊፕፍሎፕ ሲበራ በምን እንደሚጀምር አይታወቅም። ሲሙሌተሩ ከ0 ያስጀምረዋል፣ እውነተኛው አይሲ ግን ያን ዋስትና አይሰጥም። ባንተ ዲዛይን ውስጥ 6 እና 7 ወዲያው ወደ 0 ይመለሳሉ፣ ምክንያቱም በሁለቱም ላይ ኪውቢ እና ኪውሲ፣ ማለትም የ2 እና የ4 ዋጋ ያላቸው አውትፑቶች፣ 1 ናቸው። 8 እና 9 ላይ ግን እንደዚያ ስላልሆኑ ይቆያሉ። ይህን ለመዝጋት አንድ 74ኤልኤስ32 ጨምር፤ በውስጡ ያሉት ኦር ጌቶች ከሁለት ኢንፑታቸው አንዱ 1 ከሆነ 1 ያወጣሉ። ኪውቢ ከሪሴት በተኑ ጋር በአንዱ ኦር ጌት አልፎ ወደ 2ኛው ፒን፣ ኪውሲ ከሪሴት በተኑ ጋር በሌላኛው ኦር ጌት አልፎ ወደ 3ኛው ፒን ይግባ። የሪሴት በተኑ መስመር ሲጫኑት 1፣ ሲለቁት 0 መሆን ስላለበት እሱንም ከ74ኤችሲ14 ትርፍ ኢንቨርተሮች በአንዱ በኩል እንደ ክሎኩ በተን አድርገህ ሥራው።

ስለ ኃይል አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በጥያቄህ ውስጥ ስለ ካፓሲተር አንድም ቃል አላየሁም። በ330 ኦም ሬዚስተር እያንዳንዱ ሴግመንት 8 ሚሊአምፔር አካባቢ ይስባል። ቁጥሩ ከ7 ወደ 8 ሲሄድ የሚበሩት ሴግመንቶች ከ3 ወደ 7 ይዘላሉ፣ ስለዚህ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ባንዴ ይጨምራል። ያን ከረንት በቀጭንና ረጅም ጃምፐር ውስጥ ስታስኬደው ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል፣ ያ ቅጽበት ደግሞ ለካውንተሩ ክሎክ ሊመስለው ይችላል። በየአይሲው ጎን፣ ከኃይል ፒኑ ወደ ግራውንድ ፒኑ፣ አንድ አንድ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ስካ። ኃይሉ ወደ ቦርዱ በሚገባበት ቦታ ደግሞ አንድ 100 ማይክሮፋራድ። የስልክ ቻርጀሩን መቀየር አያስፈልግህም፣ ግን ቮልቴጁን አይሲው እግር ላይ ለካው። ከ4.75 እስከ 5.25 መካከል መሆን አለበት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ 74ኤልኤስ90 ኃይሉን የሚቀበለው በ5ኛው ፒን ነው፣ ግራውንዱ 10ኛው ነው። እንደ አብዛኞቹ ባለ 14 እግር አይሲዎች 14 እና 7 አይደለም። 14ኛው ፒን ላይ 5 ቮልት ያሰረ ሰው ክሎኩን ነው ያሰረው። ፕሮቲየስ የኃይል ፒኖችን ስለሚደብቃቸው ይህ ስሕተት እዚያ ላይ ሊታይህ አይችልም።

የማረጋገጡን ጥያቄ እዚህ ጋ ልመልስልህ። ሙሉውን ገጣጥሞ አብርቶ «ይሠራል፣ አይሠራም» ማለት ማረጋገጥ አይደለም። ሰርኪዩቱን ከፋፍለህ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ነው የምትፈትነው፣ ከማሳያው ጀምረህ ወደኋላ። የ74ኤልኤስ47ን 3ኛ ፒን ወደ ግራውንድ አድርግ፣ ሁሉም ሴግመንት መብራት አለበት። ካልበራ ጥፋቱ ከካውንተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከዚያ ፒኑን ወደ 5 ቮልት መልሰህ አራቱን ኢንፑቶች በእጅህ በጃምፐር እያሰርክ ከ0 እስከ 9 ሁሉንም ሞክር። ደስ የሚለው ነገር አራት ኢንፑት ያለው ክፍል 16 ሁኔታዎች ብቻ ነው ያሉት፤ አንድም ሳታስቀር መጨረስ ትችላለህ።

ይህ ለትላልቅ ሰርኪዩቶች አይሆንም። ሁለት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን የሚደምር ሰርኪዩት ሁሉንም ኢንፑት ልሞክር ብትል፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን እየሞከርክ እንኳ 580 ዓመት ያልፍሃል። ኢንቴል በ1994 የገጠመው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በፔንቲየም ፕሮሰሰር ውስጥ ለማካፈል ከሚያገለግለው ሠንጠረዥ 5 ዋጋዎች ጎደሉ፣ ሙከራው ሳይደርስባቸው ገበያ ወጣ፣ ጉድለቱን ይፋ ያወጣው ቶማስ ናይስሊ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበር። ኢንቴል ፕሮሰሰሮቹን ለመተካት 475 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ያንተ ሰርኪዩት ግን ትንሽ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ልትፈትነው ትችላለህ፣ ስለዚህ አድርገው።

ማሳያው ካለፈ በኋላ በአንዶቹና በአስሮቹ ካውንተር መካከል ያለውን ሽቦ ንቀል። ለአንዶቹ ካውንተር ከበተኑ ይልቅ በ555 ታይመር አይሲ የተሠራ የ1 ኸርዝ ክሎክ ስጠው። ይህ ሙከራ ብዙ ነገር ይለይልሃል። በ555 በትክክል ቆጥሮ በበተኑ ከዘለለ ጥፋቱ በተኑ ጋ ነው። በ555ም ከሳተ ገመዱ ወይም ኃይሉ ጋ ነው። ቀጥሎ ያንኑ ክሎክ ለአስሮቹ ካውንተር ስጠው፣ 0 1 2 3 4 5 ብሎ ወደ 0 መመለሱን እይ። ሁለቱም ካለፉ ብቻ አገናኛቸውና ከ00 እስከ 59፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው 00 ድረስ ሳታቋርጥ ተከታተለው። ፒን ከመንካትህ በፊት ምን እንደምትጠብቅ ወረቀት ላይ ጻፍ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሦስት ነገር ቀይረህ ቢሠራ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቅም፣ ነገ ሲመለስ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለህ።

መሣሪያዎቹም ወሰን አላቸው። መልቲሜትር ፈጣን ነገር አያይም፤ በፍጥነት ከ0 ወደ 1 የሚመላለስን ፒን አማካዩን ወስዶ 2 ቮልት ገደማ ሊያሳይህ ይችላል። ርካሹ ባለ 8 ቻናል ሎጂክ አናላይዘር በሰከንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ከ42 ናኖሰከንድ ያጠረ ነገር ሊያመልጠው ይችላል። ከዚያም በላይ እሱ የሚያሳየው 0 እና 1 ብቻ ነው። ያንን መሃል ላይ የተንጠለጠለ ክሎክ ፍጹም የጸዳ 1 ወይም 0 አድርጎ ይስልልሃል። ላንተ ጥፋት መልቲሜትሩ ይሻላል። በተኑ ሲነጥር ለማየት ግን አናላይዘሩ ወይም ኦሲሎስኮፕ ነው የሚያስፈልግህ።

ሁኔታውን ለማየት ብለህ ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ከአውትፑት ወደ ግራውንድ አታስር። የኤልኤስ አውትፑት 1 ሲሆን ደካማ ነው፣ ኤልኢዲው ወደ 2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ይጎትተዋል፣ ቀጣዩ አይሲም ይደናገራል። ማየት ከፈለግህ ከ5 ቮልት በ1 ኪሎ ኦም በኩል ወደ አውትፑቱ እሰረው። ያኔ 0 ሲሆን ይበራል፣ ሰርኪዩቱንም አይረብሽም። አይሲ ስትተካም 74ኤችሲን በ74ኤልኤስ ቦታ ዝም ብለህ አትሰካ። የኤልኤስ አውትፑት ለ1 ዋስትና የሚሰጠው 2.7 ቮልት ነው፣ ኤችሲ ደግሞ በ5 ቮልት 3.5 ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ የማይሠራበት ቀን ግን ምክንያቱን ማግኘት ከባድ ነው። ከኤልኤስ የሚቀበል ከሆነ 74ኤችሲቲ ውሰድ።

ዲዛይንህ ላይ አንድ እውነተኛ ድክመት አለ። የአስሮቹ ቤት 6 ሲደርስ ራሱን በራሱ ወደ 0 በሚመልስበት መንገድ፣ የሪሴቱ ምልክት የሚቆየው ከሁለቱ ፍሊፕፍሎፖች ፈጣኑ 0 እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዘገየ ሊቀር ይችላል። በአንድ አይሲ ውስጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ለዚህ ፕሮጀክትም ይበቃሃል። በቋሚነት የሚሠራ ሰዓት ልትሠራበት ካሰብክ ግን ወደ 74ኤችሲ163 ካውንተር ተሻገር። በእሱ ሁሉም ፍሊፕፍሎፕ በአንድ ክሎክ ይቀየራል፣ ሪሴቱም ክሎኩን ይጠብቃል። ስለዚህ የምትለየው 6ን ሳይሆን 5ን ነው። ሱቅ ስትሄድ 161 ይሰጡህ ይሆናል፤ የእሱ ሪሴት ክሎክ ስለማይጠብቅ ለዚህ አይተካውም።

አሁን የምትሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ በየአይሲው ካፓሲተር፣ 6ኛና 7ኛ ፒን ለየብቻቸው ወደ ግራውንድ፣ ከዚያ በተኑን ገልብጦ በ74ኤችሲ14 ማሳለፍ። እነዚህን ጨርሰህም የሚዘል ከሆነ የ5ኛውን፣ የ10ኛውን፣ የ14ኛውን እና የ6ኛውን ፒን ቮልቴጅ በሁለቱም ካውንተሮች ላይ ለክተህ ጻፍልኝ፣ በ555 ሲሆን ምን እንደሚያደርግም ጨምርበት።